ስሙን የማይጨርስ መሣሪያ

በየቤተሰቡ አንድ መራጭ አይጠፋም። አንድ ሚስማር ሊመታ ሰባት መዶሻ የሚመዝን፣ ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀምጦ እስክሪብቶ ሲያወዳድር ውሎ የሚነሳ፣ ጫማ ቤት ገብቶ ባለ ሱቁን አስለቅሶ በአሮጌ ጫማው የሚመለስ ሰው። ሰነፍ እንዳትሉት አያርፍም። ሞኝ እንዳትሉት ስለ መዶሻ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰነፍን ቆጣ ብሎ ማሠራት ይቻላል፣ የማያውቅንም ማስተማር ይቻላል፤ መራጭን ግን ምን ይሉታል? እየሠራ ነው እኮ! ላቡ ጠብ እስኪል ይሠራል። የሚሠራው ሥራ ግን ሥራ ለመጀመር መዘጋጀት ነው።

የሹራብ ቤቷን ባለቤት ፈጣሪ የባረካት በእንዲህ ያለ ወንድም ነው። በሰባት ዓመት ይበልጣታል፤ ሙያው ቴሌቪዥንና ሬዲዮ መጠገን ነው። ሚስቱን እንዴት መረጠ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ አጭር ነው፤ እሷ ናት የመረጠችው። እህቱ በደህናው ቀን «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፣ አንተ እያለች። ስትናደድ ግን ወደ አንቱታ ትገባለች፤ «እርስዎ» ያለችው ቀን ጎረቤት ሳይቀር መስኮት ይዘጋል። እሱ ደግሞ ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራትን ሴትዮ ዛሬም «ሚጣዬ» ይላታል። ይሄም ንዴቷን አብርዶት አያውቅም።

ሹራብ ቤቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለ ረጅም ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ሥር የክር ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ ሦስት ሴቶች ይሠሩበታል። ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ አንድ ትልቅ የሹራብ ማሽን አለ፣ በመርፌዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ከባድ ብረት ያለው። ማሽኑን የሚያዘው አጠገቡ የተቀመጠው አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ነው፤ ቁልፎቹ ጎማ የሆኑ፣ ከደብተር ብዙም የማይበልጥ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝና ፕሮግራሙን ከካሴት የሚያነብ። ትውስታው ዛሬ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አይችልም። ግን ወደ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሹራብ አሠርቷል፣ አንድ ቀንም «ቆዩኝ ልምረጥ» ብሎ አያውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቴፑ ካሴቱን በላው። ሲበላው ደግሞ እንደ ሰው በላው፤ ቡናማው ጥብጣብ ተጎልጉሎ ወጣ፣ ተጨማደደ፣ ተበጠሰ። መጠባበቂያ ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ካሴት ሲታይ ሻግቷል። ትምህርት ሊከፈት ሃያ ቀን ቀርቶታል፣ የመቶ ሃያ ልጆች የትምህርት ቤት ሹራብ ታዟል። ዲሬክተሯ ነገሩን አላድበሰበሰችም። «አምና ዘግይተሽብኛል። ዘንድሮ አንድ ቀን ካሳለፍሽ ሌላ ቤት ነው የምሰጠው» ብላታለች። ይህ ትዕዛዝ የዓመቱ ሥራ ግማሽ ነው። ከሄደ ቤቱ ይዘጋል፣ ሦስቱ ሴቶችም ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ማሽኑ በቀን አሥራ ሁለት ሹራብ ያወጣል፣ ስለዚህ አሥር ቀን ይፈልጋል። የቀረውን አሥር ቀን ለወንድሟ ሰጠችው።

ክቡርነታቸው ቦርሳቸውን አንግተው መጡ።

«ፕሮግራሙን እጽፍልሻለሁ ሚጣዬ፣ ቀላል ነው» አላት። እውነትም ለእሱ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውንም ጎረምሳ ሳለ የጻፈው እሱ ራሱ ነበር። ቀጥሎ ግን ያቺን የታወቀች ቃሉን አመጣት። «አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ። መሣሪያ መምረጥ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን የሚገባው ቋንቋ ቁጥር ብቻ ነው። ሰው ቁጥር ብቻ ሲደረድር ይሳሳታል፤ ስለዚህ «ይህን አንሳ፣ ያንን ደምር፣ እዚያ ዝለል» እያለ ባጭር ባጭሩ ይጽፋል፣ አሰምብለር የሚባል ፕሮግራም ወደ ቁጥር ይለውጥለታል። አስተርጓሚ ማለት ነው በቃ። አስተርጓሚ ለመምረጥ ስንት ጊዜ ይፈጃል? እህት አንድ ጠዋት መስሏት ነበር።

ማክሰኞ ስትገባ ግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ ተለጥፎ አገኘች። አራት ወረቀት በፕላስተር ተቀጣጥሎ፣ ወደ ታች አሥራ ዘጠኝ አሰምብለር፣ ወደ ጎን ሠላሳ አራት ዓምድ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ስለዚህ ሰውዬ ሳይሆን አይቀርም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በአሮጌው ማሽን ላይ የሚሠሩ አሉ፣ በላፕቶፕ ላይ የሚሠሩ አሉ። በአሮጌው ላይ ብጽፍ አሰምብለሩ ራሱ ግማሹን ትውስታ ይይዝብኛል። በላፕቶፑ ከጻፍኩ ይፈጥናል፣ ግን ወደ አሮጌው በድምፅ መላክ አለብኝ።»

«ታዲያ የሚፈጥነውን ያዛ!»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን...»

የመራጭ አገሩ «ግን» ነው። እዚያ ተወልዶ እዚያ ያረጃል። ረቡዕ ቀን ሙሉ አንዱ አሰምብለር ቁጥርን የዶላር ምልክት አስቀድሞ እንደሚጽፍ፣ ሌላው መጨረሻው ላይ ፊደል እንደሚጨምር ሲያስረዳ ዋለ፤ ሦስቱ ሴቶች ክር እየጠቀለሉ አዳመጡት፣ ምን ያድርጉ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም። ሐሙስ አንዱን አሰምብለር የሠራው ሰው ብቻውን የሚሠራ መሆኑን ደረሰበት። «ቢታመምስ?» አለ። እህቱ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ «እንግዲህ ጠይቀዋ!» አለችው፣ በምፀት። ጠየቀው! ለማያውቀው ሰው የጤንነት ደብዳቤ ጻፈ። ሰውየውም ደህና መሆኑን፣ ጉልበቱን ብቻ ትንሽ እንደሚያመው ገልጾ አመስግኖ መለሰ። ይህም ሰንጠረዡ ላይ ሰፈረ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሚጣዬ።»

«እንቁላሉ እኮ ገማ!» አለችው አመልካች ጣቷን ቀስራ።

ይህች ጣት የግራ እጇ ናት፣ ከጫፏ ወደ ጎን የተጣመመች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ማሽኑ እንደ አዲስ የተተከለ ሰሞን፣ ክዳኑን ከፍታ ክር ስታስተካክል ብረቱ ተነስቶ ወጋት፣ አጥንቷንም ሰበረው። እሷ ስትናገር «ቸኩዬ ነው» ትላለች። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይህችን ጣት ባዩ ቁጥር «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሉ ነበር፤ ዘመድ አዝማዱም ተቀበላቸውና ስሟ «ቸኳሊት» ሆኖ ቀረ። ይህን ተረት ተርቶባት የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ወንድሟ ነው። እንዲያውም በጣቷ ስትቀስርበት ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። ከንቀት ትቆጥርበት ነበር።

አርብ ትዕግሥቷ አለቀ። «ያኔ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በእርሳስ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጻፍክ በሁለት ሳምንት የጨረስከው አንተ አይደለህም? ወይስ ሌላ ወንድም ነበረኝ? ያ ደብተር የት ገባ?»

 «ደብተሩ ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው» አለ። «የታረመው ሁሉ ካሴቱ ላይ ነበር።»

«እንግዲያው አንዱን አንሳና ጻፍ! ዛሬ! አሁን!»

ፈራ መሰለኝ፣ ጻፈ። ከሰንጠረዡ የመጀመሪያውን አሰምብለር አነሳ፣ ቅዳሜን ጨምሮ ጻፈ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ተንቀሳቀሰ። ብረቱ ወዲያና ወዲህ ሄደ፤ አንድ ስንዝር ሰማያዊ ሹራብ ወጣ፣ ንጹሕ፣ አንድ ቋጠሮ ያልሳተ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እህትም ዓይኗ እንባ ሞላ፣ «ወንድም ጋሼ!» ብላ ልትስመው ተጠጋች።

እሱ ግን የማሽኑን ክዳን ከፈተ። ከኪሱ አዲስ እርሳስ አወጣ፣ መርፌዎቹ መሃል አጋደመው፣ ቁልፉን ተጫነ። ቀጭ! እርሳሱ ለሁለት ተሰበረ። ፊቱ አመድ መሰለ። ማሽኑን አጠፋ፣ ወደ ሰንጠረዡ ሄዶ የመጀመሪያውን መስመር በቀይ ሰረዘው።

«ምን እያደረግክ ነው? ሠርቷል እኮ!»

«አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ስሙን አይጨርስም።»

የሰጣት ማብራሪያ ይኸውላችሁ፣ እናንተም እንደ እሷ ተናደዱ። በፕሮግራሙ ውስጥ ለእያንዳንዱ ክፍል ስም ይወጣለታል፤ «እዚያ ዝለል» ሲባል በስሙ ነው የሚጠራው። አሰምብለሮቹ የእኛን ፊደል ስለማያውቁ አማርኛውን በላቲን ይጽፈዋል። ያ የተሰረዘው አሰምብለር ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ከስድስት ፊደል በላይ አያነብም፤ የቀረውን ዝም ብሎ ይውጠዋል። አማርኛ ቁም ነገሩን ጭራው ላይ የሚቋጥር ቋንቋ ነው። ሁለት ስሞች አንድ ዓይነት ጀመሩ፣ ስድስተኛው ፊደል ላይ ተቆረጡ፣ ለማሽኑ አንድ ሆኑበት። አንዱን ሲጠራው ሌላው መጣ።

«ታዲያ አንዱን ስም ቀይረዋ! ሁለት ደቂቃ አይፈጅም!»

«ስም መቀየሩማ ቀላል ነው። ግን ሳይነግረኝ ነው የዋጠው ሚጣዬ። ይህን ሳይነግረኝ የዋጠ፣ ነገ ሌላ ምን ይውጥብኛል?»

«ለስም ብለው ነው?» አለች። አንቱታው መጣ፤ ከሦስቱ ሴቶች ትልቋ፣ አሮጊቷ፣ ሄዳ በሩን ዘጋች። «ለስም ብለው ነው ሦስት ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚበትኑት? እኔ ስም አልሸጥም! ሹራብ ነው የምሸጠው! እርስዎ ሲመርጡ ኖረው ሲመርጡ ይሞታሉ፣ የሬሳ ሳጥንዎን ራስዎ ካልመረጥኩ ብለው ቀባሪ ያቆማሉ!»

 እርሳሱን ከወለል ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ፣ ወደ ሁለተኛው መስመር አለፈ።

ከእሁድ እስከ ማክሰኞ ሹራብ ቤቱ የእርሳስ መቃብር ሆነ። አንድ አሰምብለር ይሞክራል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ እርሳስ ያጋድማል፣ ቀጭ! አንዱ ስሙን ሙሉ ያነባል፣ ሁለት ክፍል አንድ ዓይነት ስም ሲይዝ ግን ምንም አይልም፤ ተሰረዘ። ሌላው ከልኩ ያለፈ ቁጥር ሲሰጡት ሸራርፎ ያስገባል፣ ዝም ብሎ፤ ተሰረዘ። አሮጊቷ የእርሳስ ስባሪ እየጠረገች «ይሄ ሰውዬ እርሳስ ነው እንዴ የሚቀለበው?» አለች። እህት ቆጥራለች፤ አሥራ ስድስት እርሳስ። ዲሬክተሯ ደወለችና «እንዴት ነው?» ስትላት «ተጀምሯል» ብላ ዋሸች። ሐሰት ተናግራ የማታውቅ ሴት! ወንድሟን እንዲህ ጠልታው አታውቅም።

ረቡዕ፣ በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ክቡርነታቸው ወጡ። የት ቢባል እርሳስ ሊገዙ!

እህት በዚያች ቅጽበት ቆረጠች። ቅዳሜ የሠራው ፕሮግራም የተቀዳበትን ካሴት ታገኛለች፣ ቴፑ ውስጥ ትከታለች፣ ሴቶቹን ሥራ ታስጀምራለች፤ ወንድሟ ሲመለስ ቦርሳውን ደጅ ያገኘዋል። ዕቃውን በረበረች። ካሴቱ ከሰንጠረዡ ሥር፣ በአንድ ያረጀ የተማሪ ደብተር ላይ ተቀምጦ ነበር። ካሴቱን አነሳች። ቀና ስትል ዓይኗ ሰንጠረዡ ላይ አረፈ፣ ሠላሳ አራቱ ዓምዶች ላይ። ዘጠኝ ቀን ስትሰድበው አንድም ቀን አንብባው አታውቅም። የመጀመሪያው ዓምድ ራስጌ በወንድሟ ደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«‹እንዳይወጋት› የሚለውን እስከ መጨረሻው ያነባል?»

ከሥሩ የመጀመሪያው መልስ፦ «አያነብም። ‹እንዳይው› ብሎ ያቆማል። ለክሩ ከተባለው ‹እንዳይወጣ› ጋር ይቀላቅለዋል። ክዳኑ ተከፍቶ ብረቱ ይሄዳል።»

ደብተሩን ከፈተችው። ገጽ በገጽ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር፣ የጎረምሳ ወንድሟ እጅ። አንድ ገጽ ላይ አንድ ቁጥር በቀይ ተከቧል፣ ሃምሳ ስድስት ሊሆን የሚገባው ስልሳ አምስት ሆኗል። ጎኑ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ተጽፏል፤ «የሚጣ ጣት። እኔ።»

ካሴቱ ከእጇ ወደቀ።

ወንድሟ እርሳሱን ይዞ ሲገባ ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆመ። ሴቶቹ ክሩን አስቀምጠው ቀስ ብለው ወጡ።

«ቸኩዬ ነው ስል ኖሬያለሁ እኮ» አለች።

«አልቸኮልሽም። ክዳን ሲከፈት ፕሮግራሙ የት እንደሚዘል ቦታውን በጣቴ ቆጥሬ ነበር የምጽፈው። ሁለቱን አኃዝ አገላበጥኩ። በማግሥቱ ሳየው አረምኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ አንቺ ቸኩዬ ነው ብለሽ ለሰው ሁሉ ተናገርሽ። ከዚያ... ጊዜው ሄደ ሚጣዬ። አሁን በቁጥር ሳይሆን በስም ብጽፈው አልሳሳትም ብዬ ነበር። መሣሪያው ስሙን ዋጠው።»

ተነሳች። ንዴቷ እስካሁን የነበረው ንዴት አልነበረም፣ ዋናው ገና አሁን መምጣቱ ነው። ጠማማዋን ጣት አፍንጫው ሥር ቀሰረች። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት! ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቸኳሊት ስባል! እናታችን ሲተርቱብኝ አጠገቤ ቁጭ ብለህ! በሠርጌ ቀን ሳይቀር!» ጮኸች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። እሱ ቆሞ ተቀበለ። ዓይኑን ግን በዚህ ቀን አላዞረም፣ ጣቷን አያት።

ጮኻ ጨረሰች። ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ «አግኝቻለሁ» አለ። «አሥራ ሰባተኛው። ቀለም የለው፣ መመሪያው ግማሹ የለም፣ መልኩ አያምርም። ግን ይጮሃል። ስም ቢመሳሰል ይጮሃል፣ ቁጥር ቢያልፍ ይጮሃል፣ አንዲት ነጥብ ብትጎድል ገጽ ሙሉ ይጮህብኛል። የምፈልገው እሱን ነበር፤ ዝም የማይለውን። ልክ እንዳንቺ ነው።»

ልትስቅ ይሁን በጥፊ ልትለው እሷም አላወቀችም። «በል ጻፍ» አለችው።

ጻፈ። አሰምብለሩ አርባ ሦስት ጊዜ ጮኸበት፣ አርባ ሦስቱንም ጊዜ «እሺ፣ እሺ» እያለ አረመ፣ ከእህቱ ጋር እንደለመደው። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ፕሮግራሙን በዚያ በሚሰቀጥጥ ፉጨት ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ላከው። ክዳኑን ከፈተ፣ እርሳስ አጋደመ፣ ቁልፉን ተጫነ። ብረቱ ፍንክች አላለም። ሌላ እርሳስ፣ ፍንክች የለም። ሦስተኛውን እርሳስ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት፣ እህቱ አለፍ ብላ ጠማማዋን ጣቷን መርፌዎቹ መሃል አስገባችና በቀኝ እጇ ቁልፉን ተጫነች።

«አንቺ እብድ!» ብሎ ጮኸ። በሕይወቱ ጮኾባት አያውቅም፤ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩ። ብረቱ ባለበት ቆሟል። ጣቷን አውጥታ አገላብጣ አሳየችው፣ ከዚያ ክዳኑን ዘጋች። ብረቱ ያን ጊዜ ተነሳና መመላለስ ጀመረ። ወንድሟ የክር ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሴቶቹ ተጠሩ፤ መቶ ሃያው ሹራብ ትምህርት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ዲሬክተሯ ቢሮ ተራግፏል። ማሽኑ በተነሳበት በዚያ ረቡዕ ከሰዓት ግን አንድ ሥራ ይቀር ነበር፣ ፕሮግራሙን ካሴት ላይ መቅዳት። ወንድም ጋሼ ቦርሳውን ከፈተና አምስት ዓይነት ባዶ ካሴት ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረ፣ ሌላውን ጆሮው አጠገብ ነቀነቀ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ» አለ።

የእህቱ ጣት ተነሳች። አየር ላይ ትንሽ ቆየችና ወረደች። ሄዳ በርጩማ አመጣችለት።

«ምረጥ፣ ወንድም ጋሼ» አለችው። «ሁለት ካሴት ላይ ቅዳው ብቻ።»